የጋራ የፕሮጀክት መርሐ ግብር ቋት፦ ማን ይይ፣ ማን ይንካ?

በትልልቅ የግንባታ ድርጅቶች ዘንድ የሥራ መርሐ ግብር በአንድ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚቀመጥ ፋይል መሆኑ እየቀረ ነው። በርከት ያሉ የመንገድ፣ የመስኖ ወይም የሕንፃ ፕሮጀክቶችን የያዘ ሥራ ተቋራጭ የሁሉንም መርሐ ግብር በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ያኖራል፤ በዋናው መሥሪያ ቤት ያለው የዕቅድ ክፍል፣ በየሳይቱ ያሉ ፕላኒንግ ኢንጂነሮች፣ የወጪ ባለሙያዎችና ሥራ አስኪያጆች ሁሉ ወደዚያው ቋት ይገባሉ። ለዚህ ተግባር በስፋት ከሚታወቁት ሶፍትዌሮች አንዱ ፕሪማቬራ ፒ6 ነው። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ1983 ከተመሠረተው ፕሪማቬራ ሲስተምስ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የወጣ ሲሆን፣ ኩባንያውን በ2008 ኦራክል ገዝቶታል። በባህረ ሰላጤው አገሮች በርካታ የግንባታ ውሎች መርሐ ግብሩ በዚሁ ሶፍትዌር ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ ይጠይቃሉ፤ በአገራችንም በትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ የተሰማሩ ተቋራጮችና አማካሪዎች ይሠሩበታል። ይህ ማብራሪያ ፒ6ን እንደ ምሳሌ ወስዶ በጋራ ቋት ውስጥ የተጠቃሚዎች ፈቃድ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚላላና ልልነቱ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የተጠቃሚ ፈቃድ ጉዳይ ሲነሣ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ምስጢር መጠበቅ ነው። በእርግጥ በመርሐ ግብር ቋት ውስጥም ምስጢር አለ፤ የተቋራጩ የሰው ኃይልና የማሽነሪ ዋጋ፣ ለንዑስ ተቋራጮች የሚከፈለው ሒሳብና የመሳሰለው ከውጭ ሰው ዐይን መጠበቅ ይኖርበታል። ይሁን እንጂ በእኔ እምነት ዋናው ነገር ምስጢሩ አይደለም። ዋናው ነገር በቋቱ ውስጥ የተጻፈ እያንዳንዱ ቀን በማን እጅና በማን ሥልጣን እንደተጻፈ መናገር መቻል ነው፤ ምክንያቱም መርሐ ግብር የሥራ ማቀጃ ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ነው።

ማስረጃነቱ ከውሉ ይመነጫል። ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ባወጣው የግንባታ ውል ደንብ፣ በ1999 ቀይ መጽሐፍ መሠረት ተቋራጩ የሥራ ማስጀመሪያ ማስታወቂያ በደረሰው በ28 ቀናት ውስጥ ዝርዝር ፕሮግራም ለመሐንዲሱ፣ ማለትም አሠሪው ውሉን እንዲያስተዳድር ለመደበው ወገን፣ ማቅረብ አለበት፤ ሥራው ከፕሮግራሙ ሲያፈነግጥም አሻሽሎ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የጊዜ ማራዘሚያ ለመጠየቅ የሚያበቃ ነገር ሲያጋጥመው ደግሞ ጉዳዩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ28 ቀናት ውስጥ ካላሳወቀ የጥያቄ መብቱን ያጣል። ማስታወቂያው በጊዜው ቢደርስም ክርክሩ የሚያርፈው በመርሐ ግብሩ ላይ ነው፦ የወሰን ማስከበር መዘግየቱ ወሳኙን መስመር (ቢዘገይ የፕሮጀክቱን ማጠናቀቂያ የሚያዘገየውን የሥራ ሰንሰለት) በእርግጥ ነክቷል ወይስ ሥራው አስቀድሞም ዘግይቶ ነበር? ይህ ጥያቄ በሽምግልና ወይም በግልግል ጉባኤ ፊት ሲቀርብ፣ በተቋራጩ ቋት ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ያለ ልዩነት ማናቸውንም ቀን መለወጥ ይችል እንደነበር ከተገለጠ፣ የማስረጃው ክብደት የሚቀንሰው ማንም ሐሰት ስለ ሠራ ሳይሆን ማንም እንዳልሠራ ማሳየት ስለማይቻል ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች፦ ምን እና የት

በፒ6 ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው ሁለት ጥያቄዎችን በማገናኘት ነው። የመጀመሪያው ሰውየው ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በየትኛው ፕሮጀክት ላይ የሚለው ነው። ሁለቱ ተለያይተው መቀመጣቸው ጠቃሚ ነገር ነው፤ ያው የፕላኒንግ ባለሙያ በራሱ ሳይት መርሐ ግብር ላይ አራሚ፣ በጎረቤቱ ሳይት ላይ ግን ተመልካች ብቻ እንዲሆን ያስችላል።

ምን የሚለውን የሚመልሰው ፕሮፋይል የሚባለው የፈቃዶች ስብስብ ነው። ፕሮፋይሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ግሎባል ፕሮፋይል ከማንኛውም ፕሮጀክት በላይ ያሉትን የጋራ ነገሮች ይመለከታል፤ አንድ ተጠቃሚም አንድ ግሎባል ፕሮፋይል ብቻ ይኖረዋል። የፕሮጀክት ፕሮፋይል ደግሞ በፕሮጀክት ውስጥ የሚደረገውን ይወስናል፦ አክቲቪቲ (በመርሐ ግብሩ ውስጥ ያለ አንድ ነጠላ ሥራ) መጨመር፣ አክቲቪቲ መሰረዝ፣ በሥራዎች መካከል ያለውን የቀዳሚና ተከታይ ግንኙነት መለወጥ፣ መርሐ ግብሩን እንደገና ማስላት፣ ቤዝላይን (ክንውን የሚለካበትን መነሻ ዕቅድ) መያዝና መመደብ፣ ወጪን ማየት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አክቲቪቲን የማረም ፈቃድና ግንኙነቶችን የማረም ፈቃድ ተለያይተው መሰጠት መቻላቸው ነው። በወሳኝ መስመር ስሌት አብዛኞቹ ቀኖች የሚመነጩት ከግንኙነቶቹ ስለሆነ፣ የወሩን የሥራ ክንውን ብቻ የሚያስገባ ሰው የግንኙነት ፈቃድ አያስፈልገውም። ብዙ ድርጅቶች ግን ይህን ልዩነት ሳይጠቀሙበት ያልፋሉ።

የት የሚለውን የሚመልሰው ደግሞ ሁለት ዛፎችን አገናኝቶ ነው። የመጀመሪያው ኢ.ፒ.ኤስ. የሚባለው የፕሮጀክቶች ዛፍ ሲሆን፣ ፕሮጀክቶችን በዘርፍ፣ በክልል ወይም በደንበኛ እየከፋፈለ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ኦ.ቢ.ኤስ. የሚባለው የኃላፊነት ዛፍ ነው፤ እሱ የሚያሳየው ሰዎችን በስማቸው ሳይሆን የኃላፊነት ቦታዎችን ነው፦ የመንገድ ዘርፍ፣ የሕንፃ ዘርፍ፣ ከሥራቸውም እያንዳንዱ የሳይት ቡድን። እያንዳንዱ የኢ.ፒ.ኤስ. ቅርንጫፍና እያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ የኃላፊነት ቦታ ይመደብለታል። ተጠቃሚው በቀጥታ ከፕሮጀክቱ ጋር አይገናኝም፤ የሚገናኘው ከኃላፊነት ቦታው ጋር ነው፤ በተገናኘበት ቦታና ከዚያ በታች ባሉት ቅርንጫፎች ሥር የተመደቡት ፕሮጀክቶች ሁሉ ይከፈቱለታል።

ከዚህ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። ተጠቃሚው ከዛፉ ሥር፣ ማለትም ከላይኛው የመጀመሪያ እርከን ጋር ከተገናኘ፣ ድርጅቱ ዛሬ ያለው ብቻ ሳይሆን ነገ የሚከፍተው ፕሮጀክትም ሳይቀር ይከፈትለታል። ሶፍትዌሩ አዲስ ሲተከል ሥራ ቶሎ እንዲጀመር ተብሎ ሁሉም ሰው ከላይኛው እርከን ጋር ይገናኛል፤ እዚያ ላይ የሚሰጠውም ፕሮጀክት ሱፐርዩዘር የተባለው ሁሉን ቻይ ፕሮፋይል ይሆናል። ሥራው ይጀመራል፤ የኃላፊነት ዛፉ ግን ሳያድግ አንድ ግንድ ሆኖ ይቀራል። በኋላ ሊያስተካክሉት ሲነሡ የሚያስቸግረው ቴክኒኩ ሳይሆን የለመደውን ሥልጣን የሚነጠቅ ሰው ቅሬታ ነው። ስለዚህ አዲስ ቋት የሚተክል ድርጅት የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ከማስገባቱ በፊት የኃላፊነት ዛፉን በወረቀት ላይ ነድፎ ቢጨርስ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናል።

ከፕሮጀክት በታችም መውረድ ይቻላል። አንድ ፕሮጀክት በሥራ ዝርዝሩ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኃላፊነት ቦታ ሊመደብለት ስለሚችል፣ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ቡድኑ ፕሮጀክቱን በሙሉ እያየ የራሱን ክፍል ብቻ እንዲያርም ማድረግ ይቻላል። ይህ ለትልቅ ሕንፃ ጠቃሚ ነው፤ ለትንሽ ፕሮጀክት ግን ጥቅሙ ለአስተዳዳሪው ከሚጨምረው ድካም ያንሳል።

ሁሉም የሚጠጣበት ቧንቧ

የጋራ ቋት በአንድ ግቢ ውስጥ ከሚኖሩ ተከራዮች ጋር ይመሳሰላል፦ እያንዳንዱ የክፍሉ ቁልፍ አለው፣ የውኃው ቧንቧ ግን አንድ ነው። በፒ6 ውስጥ ቧንቧው ግሎባል ዳታ የሚባለው ነው፤ የሥራ ቀን መቁጠሪያዎች ወይም ካሌንደሮች፣ የሰው ኃይልና የማሽነሪ መዝገብ፣ የአክቲቪቲ ኮዶች፣ የገንዘብ ዓይነቶችና ሌሎችም በአንድ ቦታ ተቀምጠው ሁሉም ፕሮጀክቶች ይጠቀሙባቸዋል። የፕሮጀክቶቹን በሮች አጥብቆ ዘግቶ ቧንቧውን ለሁሉም ክፍት የሚተው አስተዳዳሪ ግማሹን ሥራ አልሠራም ማለት ነው።

ካሌንደርን ቀረብ ብለን እንይ። ፒ6 የአክቲቪቲን ቆይታ በውስጡ የሚይዘው በሰዓት ነው። አንድ የኮንክሪት ሥራ ቀን ስምንት ሰዓት በሚቆጥር ካሌንደር 20 ቀን ይፈጃል ተብሎ ከገባ በቋቱ ውስጥ የሚቀመጠው 160 ሰዓት ነው። አሁን የአንድ ሳይት ባለሙያ የእሱ ቡድን በቀን አሥር ሰዓት መሥራት ስለ ጀመረ ብቻ የጋራውን ካሌንደር ከፍቶ የቀኑን ሰዓት ወደ አሥር ቢያሳድገው፣ 160 ሰዓቱ በ16 የሥራ ቀን ያልቃል። በሌላ ክልል ያለ፣ ስለ ለውጡ ምንም ያልሰማ ፕሮጀክት መርሐ ግብሩን እንደገና ሲያሰላ ያልተሠራው ሥራ ሁሉ በአንድ አምስተኛ አጥሮ ያገኘዋል፤ የማጠናቀቂያው ቀን ከነበረበት ይቀድማል፤ ማንም ግን አንድም አክቲቪቲ አልነካም። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ሪፖርቱን ይልካል። ስህተቱ የሚታወቀው ምናልባት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የተሳሳተው ቀን በደብዳቤ ወጥቶ በመሐንዲሱ እጅ ገብቷል።

ካሌንደር በየጊዜው መነካካቱ አይቀርም፤ ለዚህም ነው ማን ይንካው የሚለው አስቀድሞ መወሰን ያለበት። ሶፍትዌሩ የሚሠራው በአውሮፓውያኑ ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ፣ እንቁጣጣሽ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ መስቀልም እንዲሁ ከ27 ወደ 28 ይሸጋገራል። ስቅለትና ትንሣኤ፣ ዒድ አል ፈጥርና ዒድ አል አድሓም በየዓመቱ ይንቀሳቀሳሉ። እነዚህን በየዓመቱ ትክክለኛ ቀናቸው ላይ የሚያስገባ፣ ስሙ የሚታወቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የመንግሥት የሳምንት ዕረፍት ከዓርብና ቅዳሜ ወደ ቅዳሜና እሑድ ሲዛወር፣ ዓርብም ግማሽ የሥራ ቀን ሲሆን፣ በዚያ ያሉ የዕቅድ ክፍሎችን የገጠማቸው ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር፦ የድሮውን ካሌንደር ማረም ወይስ አዲስ ከፍቶ ፕሮጀክቶችን አንድ በአንድ ማዛወር? ሁለተኛው መንገድ አድካሚ ቢሆንም ትክክለኛው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቆዩ ፕሮጀክቶችና በቋቱ ውስጥ የተቀመጡ የቀድሞ ቅጂዎች የተሰሉበትን ደንብ እንደያዙ ይቆያሉና።

ወደ ቧንቧው ሌላም መግቢያ አለ፤ እሱም ከውጭ የሚመጣ ፋይል ነው። ንዑስ ተቋራጩ መርሐ ግብሩን ፒ6 መረጃ በሚያስተላልፍበት በኤክስ.ኢ.አር. ፋይል ይልካል፤ ባለሙያው ወደ ጋራው ቋት ያስገባዋል። ፋይሉ አክቲቪቲዎችን ብቻ አይዝም፤ የላኪውን ካሌንደሮች፣ ኮዶችና የሀብት መዝገብም ይዞ ይመጣል። በማስገቢያው ላይ ያለውን እንዳለ ተው ከማለት ይልቅ ነባሩን አድስ የሚለው ከተመረጠ፣ ስማቸውና መለያቸው የገጠመው የጋራ ነገሮች በእንግዳው ይተካሉ። ስለዚህ ፋይል የማስገባት ፈቃድ እንደ ቀላል የቢሮ ሥራ የሚታደል መሆን የለበትም። ደህናው ልማድ የውጭ ፋይል ሁሉ መጀመሪያ ከዋናው በተለየ፣ ለማጣሪያ በተዘጋጀ ቋት ውስጥ ገብቶ፣ የጋራ ካሌንደሮቹ ወደ ፕሮጀክት ካሌንደርነት ተለውጠው፣ የማይፈለገው ተጠርጎ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ዋናው እንዲዛወር ማድረግ ነው።

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ

ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ፕሮጀክት በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ ፒ6 ሦስት አከፋፈቶችን ያቀርባል፦ ለብቻ፣ በጋራ፣ ለንባብ ብቻ። ለብቻ የከፈተው ሰው እስኪዘጋ ድረስ ሌሎች ማየት እንጂ መለወጥ አይችሉም። በጋራ ሲከፈት ግን ሁሉም ይጽፋሉ፤ በአንድ መስክ ላይ ሁለት ሰው ከጻፈ፣ ዘግይቶ ያስመዘገበው ይጸናል። አንዱ የጻፈው ለሌላው እንዲታይ ጸሐፊው ኤፍ10 ተጭኖ ማስመዝገብ፣ ተመልካቹም ኤፍ5 ተጭኖ ማደስ አለባቸው።

በጋራ አከፋፈት ላይ ትልቁ አደጋ የሚመጣው መስኮች በመጋጨታቸው ሳይሆን ኤፍ9 በተባለው የማስሊያ ቁልፍ ነው። የወሩ መጨረሻ ነው እንበል። የሲቪል ሥራው ባለሙያ ክንውኑን አስገብቶ ጨርሷል፤ የኤሌክትሮ ሜካኒካሉ ገና ከሳይት ቁጥር እየሰበሰበ ነው። የመጀመሪያው የመረጃ ቀኑን (ክንውን እስከ መቼ እንደተመዘገበ የሚያሳየውን ቀን) ከኦክቶበር 31 ወደ ኖቬምበር 30 አዛውሮ ኤፍ9ን ይጫናል። ሶፍትዌሩ ክንውን ያልተመዘገበለትን ሥራ ሁሉ በኖቬምበር ውስጥ ምንም እንዳልተሠራ ቆጥሮ ቀሪውን ከመረጃው ቀን በኋላ ያስቀምጠዋል። በትክክል የተሠራው የገመድ ዝርጋታ በአንድ ቅጽበት የአንድ ወር መዘግየት ይታይበታል፤ በዚያች ሰዓት ሪፖርት ያተመ ሰው ካለ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ኃላፊው በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ያላጠፋውን ጥፋት ሲያስረዳ ይውላል። ይህ እንዳይሆን መርሐ ግብሩን የማስላት ፈቃድ በአንድ ፕሮጀክት ለአንድ ሰው፣ እሱ በማይኖርበት ጊዜም ለአንድ ተተኪ ብቻ ይሰጥ። ሌሎቹ ያስገባሉ፤ የተመደበው ሰው ሁሉም ማስገባታቸውን አረጋግጦ ያሰላል።

አንድ ነገር ቢለወጥ ምን ይሆናል ብሎ መሞከር ለሚፈልግ ሰውም መንገድ አለ። ሪፍሌክሽን የሚባለው የፕሮጀክቱ ጥላ ቅጂ ተከፍቶለት እዚያ ላይ እንደልቡ ይሠራል፤ የተስማማው ለውጥ ብቻ ተመርጦ ወደ ዋናው ይመለሳል። ሙከራን በዋናው መርሐ ግብር ላይ ማድረግ የተለመደ ነው፤ አላስፈላጊም ነው።

ስም የሌለው እጅ

በቋቱ ውስጥ እያንዳንዱ መዝገብ ማን እንደፈጠረውና መጨረሻ ላይ ማን እንደለወጠው፣ ከነቀኑ ይይዛል። መረጃው ቀላል ቢመስልም በክርክር ጊዜ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ዋጋ የሚኖረው ግን የመግቢያ ስሙ የአንድ ሰው ሲሆን ብቻ ነው። ፕላነር 1 ወይም ሳይት ቢሮ በሚል ስም ሦስት ሰው ከገባ፣ መጨረሻ የለወጠው ፕላነር 1 ነው የሚለው መዝገብ ምንም አይነግረንም። የጋራ መግቢያ ስም የሚመጣው በአብዛኛው ከላይሰንስ ዋጋ ነው፤ ሶፍትዌሩን የመጠቀም ፈቃድ (ላይሰንስ) በስም የሚሸጥ ስለሆነ ድርጅቶች ወጪ ለመቆጠብ አንዱን ለብዙ ሰው ያዳርሱታል። ከአምራቹ ጋር ያለውን ውል መጣሱ አንድ ነገር ሆኖ፣ በግሌ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ባለሙያው ራሱ ያለ ጥበቃ መቅረቱ ነው። ሌላ ሰው በእሱ ስም ገብቶ ባበላሸው ነገር ተጠያቂ የሚሆነው እሱ ነው፤ አላደረግሁም ብሎ የሚያሳየው ማስረጃም የለውም።

የመጨረሻው ለውጥ ብቻ የሚታይ በመሆኑ ከዚያ በፊት የነበሩት እጆች ይደመሰሳሉ። ሙሉውን የለውጥ ታሪክ የሚመዘግብ የኦዲት ሠንጠረዥ በቋቱ በኩል አለ፤ እየሠራ መሆኑን ግን አስተዳዳሪው ራሱ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ባይኖርም እንኳ በየወሩ ለመሐንዲሱ የቀረበው ኤክስ.ኢ.አር. ፋይል ከደብዳቤው ጋር፣ ከዕቅድ ክፍሉ ውጭ ባለ ሰው እጅ፣ ለምሳሌ በውል አስተዳደር ክፍል መዝገብ ቤት ቢቀመጥ፣ ቋቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር ሁሉ ከእሱ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

ከሥራ የለቀቀ ወይም ወደ ሌላ ሳይት የተዛወረ ሰው ጉዳይም እዚሁ ይገባል። መግቢያው በለቀቀበት ቀን መዘጋት አለበት፤ ለመዝጋት ግን ስሙን ከቋቱ መሰረዝ አያስፈልግም። ሶፍትዌሩን የመጠቀም ፈቃዱ ከስሙ ላይ ከተነሣ መግባት አይችልም፤ ስሙ ግን ለቀድሞ ሥራዎቹ ምስክር ሆኖ ይቆያል። ክሊራንስ ቅጹ ላይ የንብረት ክፍልና የፋይናንስ ፊርማ እንዳለ ሁሉ የቋቱ አስተዳዳሪ ፊርማም ቢጨመር ጉዳዩ አይረሳም።

የኋላ በር

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የሚሠራው ተጠቃሚው በሶፍትዌሩ በኩል ሲገባ ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ ግን ከኦራክል ወይም ከማይክሮሶፍት ኤስ.ኪው.ኤል. ሰርቨር ቋት ጋር የሚገናኘው በራሱ የአገልግሎት ስሞች ነው። ፒ6 ፕሮፌሽናል በመጀመሪያ ፐብዩዘር በተባለው ውስን ስም ይገናኝና ከዚያ ፕሪቭዩዘር በተባለው ሰፊ ሥልጣን ባለው ስም ሥራውን ያከናውናል። ፕሮፋይሎቹንና የኃላፊነት ዛፉን የሚያከብረው ሶፍትዌሩ እንጂ ከሥር ያለው ቋት አይደለም። የፕሪቭዩዘርን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው በሌላ መሣሪያ በቀጥታ ቢገባ ማንኛውንም ሠንጠረዥ ማንበብ፣ መለወጥና መሰረዝ ይችላል፤ የሚያግደው ፕሮፋይል የለም።

ይህ በር ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በመልካም ሐሳብ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሁሉንም ፕሮጀክቶች ሁኔታ በአንድ ዳሽቦርድ ማየት ይፈልጋል፤ የኮምፒውተር ባለሙያው ኤክሴልን ወይም ፓወር ቢ.አይ.ን ከቋቱ ጋር ለማገናኘት በእጁ ያለውን ፕሪቭዩዘር ይጠቀማል፤ የይለፍ ቃሉም በዳሽቦርዱ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፦ ለሪፖርት ብቻ የሚሆን፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይችል፣ የወጪ ሠንጠረዦችንም ለሚያስፈልገው ብቻ የሚያሳይ ሌላ ስም በቋቱ ላይ ይከፈታል። ሶፍትዌሩ ሲተከል የተሰጡት የመነሻ የይለፍ ቃላት፣ የአድሚን ስሙን ጨምሮ፣ በዚያው ቀን ይለወጡ፤ ለዓመታት ሳይለወጡ የሚቆዩባቸው ቢሮዎች መኖራቸው አሳዛኝ ነው።

ማን ምን ይያዝ

በኮምፒውተር ደኅንነት ዘርፍ ሥልጣንን ለሰው ሳይሆን ለሥራ ድርሻ የመስጠት ሐሳብ በአሜሪካው የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ሥርዓት ባለው መልክ ቀርቧል። የፒ6 ፕሮፋይሎችም በዚያው ሐሳብ የሚሄዱ ናቸው። በአገራችን ዓይነት የዕቅድ ክፍል፣ ሦስት ወይም አራት ሰው በዋናው መሥሪያ ቤት፣ አንድ አንድ ሰው በየሳይቱ ባለበት አደረጃጀት፣ አምስት ያህል ፕሮፋይል ይበቃል ብዬ አስባለሁ። የሳይቱ ባለሙያ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፣ የተሠራውን መጠንና ቀሪውን ቆይታ ያስገባል፤ አክቲቪቲ አይሰርዝም፣ ግንኙነት አይለውጥም። የፕሮጀክቱ መሪ ፕላነር ግንኙነቶችን ያርማል፣ ያሰላል። የወጪ ባለሙያው ዋጋዎችን ያያል፣ ያርማል፤ ቀኖችን ግን አይነካም። ሥራ አስኪያጆች ሁሉንም ያነባሉ፤ ሥልጣናቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ብቻ የማረም ፈቃድ ይሰጣቸው የሚለውን አስተያየት አልቀበልም፤ ሥራቸው ማዘዝ ነው፣ ትእዛዙን በቋቱ ውስጥ የሚጽፈው ባለሙያው ነው። የጋራ ነገሮች፣ የፋይል ማስገባትና የተጠቃሚዎች አስተዳደር በዋናው መሥሪያ ቤት ባሉ ሁለት ሰዎች እጅ ይሁኑ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ሲታመም ሥራ ይቆማል፣ ከሁለት በላይ ሲሆን ደግሞ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይጠፋል።

ቤዝላይን ለብቻው የሚነገርለት ነው። የጸደቀው መነሻ ዕቅድ በዚያው ቋት ውስጥ የሚቀመጥ ቅጂ በመሆኑ፣ የየወሩን ክንውን የሚያስገባው ሰው ቤዝላይኑን ማደስም ከቻለ መዘግየቱን የሚለካበትን ሜትር ራሱ ማሳጠር ይችላል ማለት ነው። አስቦ ባያደርገውም እንኳ አንድ ጊዜ በስህተት የታደሰ ቤዝላይን የሁለት ወር መዘግየትን ከሪፖርት ላይ ሊያጠፋ ይችላል። ቤዝላይን የመያዝና የመመደብ ፈቃድ ከሳይት ይራቅ፤ ለውጡም የሚደረገው የመሐንዲሱ የማጽደቂያ ደብዳቤ ቁጥር ሲቀርብ ብቻ ይሁን።

አማካሪው ወይም አሠሪው ወደ ተቋራጩ ቋት በቀጥታ ልግባ ሲልስ? ለንባብ ብቻ ቢሆንም እንኳ አልመክርም። በሥራ ላይ ያለ መርሐ ግብር በወር ውስጥ ብዙ ጊዜ ያልተጠናቀቀ ገጽታ ይኖረዋል፤ ከላይ እንዳየነው የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ፣ ለሰዓታት ብቻ የታየ የተሳሳተ ቀን በሌላው ወገን ማስታወሻ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በወር አንዴ የተጣራ ፋይል ተዘጋጅቶ ይላክ፤ ከመላኩ በፊት ግን ይፈተሽ፤ ኤክስ.ኢ.አር. ፋይል የሰው ኃይልና የማሽነሪ የዋጋ ሠንጠረዥን በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል፣ በስክሪን ላይ የተደበቀው ዋጋ በፋይል ተጠቅልሎ ሊወጣ ይችላል።

ነባሩን ማስተካከል

ሁሉም ሰው ሱፐርዩዘር የሆነበት ቋት ያለው ድርጅት በአንድ ቀን ሁሉንም ልዝጋ ማለት የለበትም። መጀመሪያ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይውጣ፤ ከዝርዝሩ ላይ የለቀቁት፣ የተደገሙትና ስም የሌላቸው ይለዩ። የአድሚን ሱፐርዩዘር፣ ማለትም ሁሉን ቻይ የሆነው ግሎባል ፕሮፋይል፣ ሥልጣን ያላቸው ተለይተው ወደ ሁለት ይውረዱ፤ ይህ አንድ እርምጃ ብቻውን የጋራውን ካሌንደርና መዝገብ ከአብዛኛው አደጋ ያድናል። ቀጥሎ የኃላፊነት ዛፉ ተነድፎ ፕሮጀክቶቹ ይመደቡበት፤ በአንድ ፕሮጀክት ላይ አዲሶቹ ፕሮፋይሎች ይሞከሩ።

ለውጡ የሚደረግበት ጊዜም ይታሰብበት። የወሩ ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ባለው ሳምንት እንጂ ከመቅረቡ በፊት ባለው አይሁን፤ የሙሉ ቋቱ መጠባበቂያ ቅጂ ከዚያ በፊት ተወስዶ እንደሚመለስ በሙከራ ይረጋገጥ። በሳይት ላሉት ባለሙያዎች ምክንያቱ በጽሑፍና በስልክ ይነገራቸው፤ ሥልጣናቸው የተቀነሰው ስላልታመኑ ሳይሆን የሌላ ሰው እጅ በስማቸው እንዳይመዘገብ መሆኑ በግልጽ ይነገር። ከሳይት እስከ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው መስመር ደካማ በሆነበት ቦታ ባለሙያው በቀጥታ ከቋቱ ጋር ከመገናኘት ይልቅ ፕሮጀክቱን አስፈርሞ ወስዶ፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ እንዲመልስ የሚያደርገው አሠራር ይሻላል፤ በዚያ ጊዜ ዋናው ቅጂ ለሌሎች ለንባብ ብቻ ይሆናል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን ማድረግ ከለከለኝ የሚል ስልክ ይበዛል። አስተዳዳሪው ደዋዩን ዝም ለማሰኘት ሱፐርዩዘርነቱን ከመመለስ ይልቅ የተከለከለው ምን እንደነበር፣ ለየትኛው ሥራ እንዳስፈለገና ከዚህ በፊት ስንት ሰው እንደጠየቀው ቢመዘግብ፣ የጎደለው ፈቃድ የሰውየው ሳይሆን የፕሮፋይሉ መሆኑን ብዙ ጊዜ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ፕሮፋይሉን አንድ ጊዜ ያስተካክላል፣ በዚያ ድርሻ ላይ ያሉት ሁሉም ያገኙታል።